የሰኞ ዘይት

ሳምንቱን በሙሉ አራዳ ሱቄ ውስጥ ፍሬን ሳጠብቅ ሰነበትሁ፣
የላላውን ሽቦ በጉጠት ስቤ፣ ያለቀ ላስቲክ ለወጥሁ።
አርባ ሦስት ቆጠርሁ። አርባ አራተኛው የሕፃን አስናቀው፣
ፍሬን የሚባል የለው፣
ሲቆም በጫማው ነው።
«ጋሼ፣ ሶሉ አዲስ ነው» ብሎ እግሩን አነሣ፤
ሳቄ ቢያመልጠኝም ልቤ ግን አልረሳ።

እሑድ ጠዋት ፒያሳ፣ ስድስት መቶ ብስክሌት፤
የኪራይ፣ የውሰት፣ ካባት ጓሮ ወጥቶ ዝገት የጠጣ ብረት።
አስተባባሪዋ ወንበር ላይ ቆማለች፣ ድምፅ ማጉያ ይዛ፤
ማን ይስማት? ከተማዋ በፉጨት ደንዝዛ።
«ዘገምተኛ በቀኝ! የሚያልፍ በግራ!
ኋላውን ሳያይ ማንም አይታጠፍ! ጉድጓድ ያየ ይጥራ!»

እኔን ደግሞ ሰጡኝ ቀይ ጨርቅ ከፊሽካ፣
ከማራኪ በታች፣ መንገዱ ታጥፎ ገደሉን ሊነካ።

መጀመሪያ ድምፁ፦ አራዳ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ሁሉ
ከነመኪናቸው ተነሥተው ቁልቁል የወረዱ መሰሉ።
ቀጥሎ ቀለሙ፦ ቢጫ፣ ነጭ፣ ቡናማ። ትከሻ ለትከሻ፤
መሐላቸው እጅ አይገባም፣ ለስሕተት የለም መሸሻ።

እዚህ ላይ ልናገር፣ ለማያውቅ ይጠቅማል፦
በጅምላ ስትጋልብ ፍሬንህን ብትጨብጥ የኋለኛህ አንገት ይታነቃል።
ሳይጮኽ ያለፈህ ሰው ዕዳ ነው የተወው፤
መስመርህን ያዝ፤ ጥማት ይጠብቅ፤ መንገድ ሲቀና ነው የሚጠጣው።
ይህን የተማርሁት ወለቃ መንገድ ላይ፣ በሃያ ዓመቴ፣
ሳልጮኽ ባለፍሁት በታናሽ ወንድሜ ክንድ ነው፤ ዛሬም አይዘረጋም እፊቴ።

ሙጬ ግን ጠማው።
ሙጬን አውቀዋለሁ፣ ደንበኛዬ ነው፤ ጥሩ እግር፣ ክፉ ችኮላ፤
«ዞር በሉ!» እያለ መሐሉን ሰንጥቆ፣ ጠጣና ሃይላንዱን ወረወረ ወደ ኋላ።
ባዶ ላስቲክ። ሁለት ጊዜ ነጠረች። በሦስተኛው ቀረች
ከትርንጎ ጎማ ሥር። ልጅቱ እጇን ዘረጋች፣ ያገኘችው አየር ነበር፤ ወደቀች።
በላይዋ ሁለት፣ በሁለቱ ላይ አንድ፤
ቸርኬው ብቻውን ይዞራል፣ እንዳልሰማ፣ እንደሚሄድ።

ፊሽካዬን ነፋሁ። ጨርቄን አውለበለብሁ። ከላይ የሚመጣው መች አየ?
ቁልቁለት ላይ የሰው ዓይኑ ከጎማው ነው፣ ጆሮው በነፋስ ተለየ።
አንዱ «አይዞሽ!» ብሎ አለፈ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ፣ በአንድ እጁ ፍሬን፣
ሊቀርጽ ፈለገ ደሟን።

ያኔ ነው የመጡት አቶ ስጦታው፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ፣
ሱሪያቸው በላስቲክ የታሰረ፣ ፊኒክሳቸው ጥቁር፣ ከሁሉም ዘገምተኛ።
ብስክሌቱን ከቦይ አስተኙ። ወደ ወደቁት አልሄዱም።
ሽቅብ ሮጡ። ሽሽት መስሎኝ ነበር፤ ሽሽት ግን አልነበረም።
ከኩርባው በላይ ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ቀስ!» አሉ።
የሰማው ለኋላው፣ የኋላው ለኋላው፣ «ቀስ!» «ቀስ!» ተባባሉ፤
ሰው ቁልቁል ሲወርድ ቃሉ ሽቅብ ወጣ፤
ማራኪን አለፈ፣ ሳሙና በር ሳይደርስ ፍጥነቱን ቀጣ።
ሕፃን አስናቀውም ከዚያ መሐል መጣ፣ ሶሉን አስፋልት ላይ ተክሎ፣
ላስቲክ ላስቲክ እየሸተተ፣ «ቀስ!» ይላል ለኋላው፣ ድምፁ ቀጥኖ፣ ሰልሎ።

ትርንጎን አላነሣናትም፤ ነርሷ እስክትመጣ አንገቷን ይዤ ተቀመጥሁ፤
«ብስክሌቴስ?» ትለኛለች። «ደህና ናት» ብዬ ዋሸሁ።
የትከሻዋ አጥንት ነው። ትድናለች አሉን።
ሙጬ አዘዞ ደርሶ፣ ሜዳልያ አንጠልጥሎ፣ ሲስቅ አየሁ ፎቶውን።

ሰኞ ጠዋት መጣ። «ካቴናዋ ጮኸችብኝ፣ ጣል አርግላት ትንሽ ዘይት።»
ከመደርደሪያ አወረድሁ፣ ክዳኗን በስቼ የሞላኋትን፣ የእሑዷን፣ የተጨፈለቀችዋን ዕቃ፣ እንደ ዋዛ ቆጥሬያት።
ጎኗን ስጫን ጠብ፣ ጠብ። ካቴናው ዝም አለ።
«አንዲት ልጅ ወደቀች አሉ፣ ምን ነክቷት ነው?» አለ።
አልመለስሁም። «ሒሳብ?» ሲለኝ ሃይላንዷን ሰጠሁት፦
«ይቺን ያዝ። ስታልቅ ግን አትጣላት።»